ባዮሴንሰር ላይ ፒኤችዲ፦ መጀመሪያ የምትለኪውን ነገር ወስኚ

እህቴ፣ «ማስተርሴን በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ጨርሻለሁ፤ ባዮሴንሰር ላይ ፒኤችዲ እዚህ ልጀምር ወይስ የውጭ ዕድል ልጠብቅ? ከዚያስ ሥራ ይገኛል?» ብለሻል። ባዮሴንሰር ማለት እንደ ኤንዛይም ወይም አንቲቦዲ ያለ ሕይወታዊ ነገር ተጠቅሞ አንድን ንጥረ ነገር ለይቶ የሚለካ መሣሪያ ነው። እኔም አራት ኪሎ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ኤሌክትሮድ ስወለውል የኖርኩ ነኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከአገሩ በፊት የምትለኪውን ነገር ወስኚ። «ባዮሴንሰር እወዳለሁ» የሚል ኢሜይል መልስ አያገኝም። «አዲስ አበባ በሚሸጥ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለውን ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ በርካሽ ኤሌክትሮድ መለካት እፈልጋለሁ» ስትዪ ግን ጆሮ ይሰጥሻል። ችግሩ የምር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በከተማዋና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ መርዙን አግኝቷል፤ ከኑግ ፋጉሎ ጋርም አያይዞታል። ወባም አለልሽ። ኤችአርፒ2 የተባለውን የወባ ተውሳክ ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣን ምርመራ፣ የፕሮቲኑ ጂን የጠፋበትን ተውሳክ ሊያልፈው ይችላል። እንዲህ ያለው ተውሳክ ደግሞ አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። ወባ ያለበት ሰው «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘሽ ስትቀርቢ፣ ናሙናውም እዚሁ ስላለ፣ የውጭው ላብ ራሱ ይፈልግሻል።

እዚህ መጀመር ጥሩ ነው። ኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ ማለትም ንጥረ ነገርን በኤሌክትሪክ ምልክት መለካት፣ አራት ኪሎ የቆየ ሙያ ነው፤ ካርቦን ፔስት ኤሌክትሮዱን በገዛ እጅሽ ትሠሪያለሽ። ለባዮሎጂው ደግሞ ሰፈረ ሰላም ያለው አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሩቅ አይደለም። ፈተናው ሪኤጀንት፣ ማለትም ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካልና ፕሮቲን ነው። ከውጭ የታዘዘ አንቲቦዲ (የሚለካውን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መድረስ አለበት፤ ጉምሩክ ከዘገየ ገንዘቡን ውሃ በላው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፊ አፕታመርን አስቢበት። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚዘጋጅ፣ እንደ አንቲቦዲ የሚለካውን ነገር ለይቶ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ሰንሰለት ነው። የዲኤንኤው ደርቆ በተራ ሙቀት ይጓዛል፤ መብራት ሲጠፋም እንደ አንቲቦዲው አያስጨንቅሽም። አማካሪ ስትመርጪ ስሙን ብቻ አትዪ፤ ተማሪዎቹን ጠይቂ። ፖቴንሽዮስታቱ (የኤሌክትሮዱን ምልክት የሚለካው መሣሪያ) ይሠራል? ግዢ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ውጭ ከሆነ የማሪ ኩሪ ዶክቶራል ኔትወርክ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የፒኤችዲ ፕሮግራም ዜግነት አይለይም። ደሞዝ ያለው የሥራ ውል ነው። ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ላቦራቶሪው ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ መኖር ግን የለብሽም። ማስታወቂያው ዩራክሰስ በተባለው የአውሮፓ የተመራማሪዎች ሥራ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ስዊድን፣ ዴንማርክና ሆላንድም ብዙውን ጊዜ ፒኤችዲን እንደ ቅጥር ነው የሚያወጡት። ሳንድዊች ካገኘሽ፣ ማለትም ዲግሪው ከዚህ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ውጭ ሠርተሽ የምትመለሺበት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ሥራውን በተመለከተ «ባዮሴንሰር ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ እዚህ አትጠብቂ። በሮችሽ ዩኒቨርሲቲ፣ አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ላቦች ናቸው። እዚያ የሚያስከብርሽ የሴንሰርሽን ውጤት በእውነተኛ ናሙና ከኤችፒኤልሲ ወይም ከኤላይዛ (ከተለመዱት የላቦራቶሪ መለኪያ ዘዴዎች) ጋር አስተያይተሽ ልዩነቱን በቁጥር ማሳየት ነው። ውጭ ትልቁ ገበያ ግሉኮስ ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሊላንድ ክላርክ በ1962 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ግሉኮስን በኤንዛይም ኤሌክትሮድ የመለካት ሐሳብ ዛሬ የስኳር ሕመምተኞች ክንድ ላይ ተለጥፏል። ለዚያኛው የዳታ ትንተና ስለሚጠቅምሽ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ከአሁኑ ጀምሪ።

የአንድ ገጽ ሐሳብሽን ጽፈሽ እዚሁ ለጥፊው፤ አይቼ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።