ቀብድ፣ ዝርዝር ገንዘብና ሦስተኛ ፎቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሸማቾችና ነጋዴዎች በሞባይል መገበያየትን የሚቀበሉት ለምንድን ነው? ጥቅሙ ገብቷቸው ነው ወይስ አጠቃቀሙ ቀልሏቸው?» ብለሻል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ መሆኑንም ነግረሽናል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ጊዜ ስለሚቆጥብ ነው» ብለዋል። እኔ አልስማማም። ፒያሳ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የቆዳ ቦርሳና ጫማ ሸጫለሁ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ወደ ስልክ የዞረ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ቦርሳ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ቢውል ለእርሱ መዝናኛው ነው።

መጀመሪያ በስልክ መክፈልንና በስልክ መግዛትን ለያይተሽ እያቸው። በእኛ ከተማ ሁለቱ የመጡት በተለያየ መንገድ ነው፤ የጀመሩበትም ምክንያት የተለያየ ነው። በአንድ መጠይቅ ውስጥ ካቀላቀልሻቸው መልሱም ተቀላቅሎ ይመጣልሻል።

ወደ እኔ ሱቅ መክፈልን ያስገባው የዝርዝር ችግር ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ማንም ደንበኛ ስለ እርሱ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ለ850 ብር ጫማ አንድ ሺህ ብር ተሰጥቶኝ፣ 150 ብር ፍለጋ ከጎረቤት ወርቅ ቤት እስከ ጭማቂ ቤቱ ስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በየሱቁ መልስ ሲጠፋ ማስቲካና ከረሜላ መቀበልን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? ለጫማ መልስ ግን ማስቲካ አይሰጥም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ዝርዝር ፍለጋ ስወጣ «አካውንት የለህም እንዴ?» ብላ ከደጅ መለሰችኝ። በማግስቱ የባንክ ሒሳብ ቁጥሮቼን ካርቶን ላይ ጽፌ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ።

ቀጥሎ የመጣው ግዴታ ነው። ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀረ። የእህቴ ባል ታክሲ ይነዳል፤ «ካልዳሰስኩት ገንዘብ አይመስለኝም» የሚል ሰው ነበር፤ ልጆቹ ስንት ጊዜ ሊያሳዩት ሞክረው እምቢ ብሏል። ማደያው ጥሬ ብር አልቀበልም ባለው ዕለት ግን በአንድ ከሰዓት ተማረ። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ለትልቁ ልጁ ጫማ ሊገዛ መጣና ስልኩን አወጣ። ስስቅበት «ምን ላድርግ፣ ገንዘቤ እዚህ ውስጥ ገብቶ ቀረ» አለኝ። ይህችን አባባል ልብ በያት። ለነዳጅ ተብሎ ስልክ ውስጥ የገባ ገንዘብ ተመልሶ ጥሬ ብር መሆን ስለሚያታክተው ጫማም፣ መብራትም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም ይሆናል።

በማታው ክፍለ ጊዜ ማርኬቲንግ ስማር አንቺ የጠቀስሻቸውን ሁለት ምክንያቶች አንብቤያለሁ። ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበል ያጠናው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረባቸው ናቸው፦ ተጠቃሚው ይጠቅመኛል ብሎ ማሰቡና ይቀለኛል ብሎ ማሰቡ። ቬንካቴሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 በዙሪያ ያለውን ሰው ተጽዕኖና የአመቺ ሁኔታዎችን መኖር ጨመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሸማቾችን ሲያጠኑ ደስታን፣ ዋጋንና ልማድን አከሉ። መጥፎ መነሻ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች በአብዛኛው በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ስለሚጠቀሙ ሠራተኞች ነበሩ። የ2003ቱ ሥራ ሰው የሚጠቀመው በፈቃዱ ነው ወይስ ተገዶ የሚለውን ያነሳዋል፤ በእኛ አገር ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ አይመስለኝም። ምዕራፍ ስጪው።

የዙሪያ ሰው ተጽዕኖ ሲባል ደግሞ ጓደኛና ማስታወቂያ ብቻ አይምሰልሽ። ጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ደንበኛዬ ናቸው፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። የቴሌብርን *127# ደውለው፣ የሚመጣላቸውን ዝርዝር ቁጥር በቁጥር እየተከተሉ፣ የምስጢር ቁጥራቸውን በመዳፋቸው ከልለው ይከፍሉኛል። መነጽራቸውን እስኪያገኙ ጊዜው ያልፍና ይዘጋባቸዋል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ይህን ማንም ቀላል ሊለው አይችልም። ለምን እንደጀመሩ ስጠይቃቸው የዕቁባቸው ዳኛ «ከእንግዲህ በስልክ ነው የምሰበስበው» ማለታቸውን ነገሩኝ። በዕቁብተኛ ፊት ከማፈር ቁጥር መልመድ ይሻላል።

አሁን ወደ መግዛቱ ልምጣ፤ የእኔ እውነተኛ ታሪክ ያለው እዚህ ነው። በ2016 ሱቄ የነበረበት ረድፍ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድ ብዬ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባሁ። መንገድ ዳር ሳለሁ የሚሸጥልኝ መንገዱ ነበር፤ ታክሲ ሲጠብቅ ዓይኑ መስታወቴ ላይ ያረፈ ሰው ይገባ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ግን ማንም ተሳስቶ አይወጣም። የመጀመሪያው ወር ሽያጬ የኪራዩን ግማሽ አልሞላም። የቴሌግራም ቻናል የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው፤ ኪራይ ስለደረሰብኝ። ነጋዴው ለምን ይቀበላል ላልሽው የእኔ መልስ ይኸው ነው። ቦታውን ያጣ፣ ወይም መንገድ ዳር ለመከራየት አቅም የሌለው ይገባበታል። ጥሩ ቦታ ላይ የቀሩ ጓደኞቼ ቻናል ከፍተው በሦስተኛው ሳምንት ረስተውታል።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው ነጋዴ ከፎቶው ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» እያልኩ እጽፍ ነበር። ሃያ ሰው ይጠይቀኛል፣ አንድ ሰው ይገዛል፤ ቀኑን ሙሉ የማይገዛ ሰው ሳነጋግር ይመሻል። ዋጋውን በግልጽ መጻፍ ስጀምር የሚጠይቀኝ ሰው ቀነሰ፣ የሚገዛው ግን ጨመረ። (አሁንም ዋጋ የሚደብቁ ሻጮችን ሳይ ይገርመኛል።) ዋጋውን ያየ ደንበኛ ግን አሁንም ዝም ብሎ አያዝዝም፤ ይደውላል። «ሱቅ አላችሁ?» ይላል። «አዎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ይምጡና ይዩት» ስለው ይረጋጋል፣ ሳይመጣም ያዝዛል። ሱቁን ማየት አልፈለገም፤ ነገር ቢበላሽ የሚመጣበት ደረጃ መኖሩን ነው የፈለገው። ሱቅ የሌላቸው ሻጮች በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ደንበኛ ያጣሉ።

ከሁሉ በላይ ያገዘኝ ግን ቀብድ ነው። በልክ የሚሠራ ጫማ ስቀበል ድሮም ቀብድ እጠይቅ ነበር። ከገርጂ ተነስቶ 300 ብር ሊሰጠኝ ፒያሳ የሚመጣ ሰው ስለሌለ በእምነት አሠራለሁ፤ ጫማው አልቆ ስደውል ስልኩ አይነሳም። የሰው እግር ልክ የሆነ ጫማ ደግሞ ለሌላ ሰው አይሸጥም። አሁን ስልኩን ሳንዘጋ ቀብዱ ይገባል። ቀብድ የከፈለ ሰው አይጠፋም፤ እኔም የተቀበልኩ ስለሆንኩ አልጠፋም። ቀሪውን የሚከፍለው ሞተረኛው ዕቃውን አድርሶለት፣ ቆሞ እየጠበቀ፣ ለክቶ ካየ በኋላ ነው። 40 የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ 41 ስለሚሆን ሁለቱንም ቁጥር እልካለሁ። ለለካው ጫማ ቀሪው ገንዘብ ወደ እኔ ሲገባ መልእክት ይደርሰኛል፤ ለሞተረኛው ደውዬ «ተወው፣ ናልኝ» እለዋለሁ። የማይሆነው ቁጥር ከእርሱ ጋር ይመለሳል። መቆሚያ ስለምከፍለው ማማረሩን ትቷል።

እንግዲህ ተመልከቺ፦ ደውሎ ድምፅ መስማት፣ ቀብድ ማስያዝ፣ ለክቶ አይቶ መክፈል፤ አንዱም አዲስ አይደለም። ደንበኞቼ ስልኩን የለመዱት ይህን ሁሉ እንዲተዉ ስላልጠየቃቸው ነው። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ብዬ የሞከርኩበት አንድ ወር ነበር፤ ከድሮ ደንበኞቼ በስተቀር ማንም አልገዛም።

ማጭበርበሩንም መንገር አለብኝ። ለፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ማታ፣ ሱቁ ተጨናንቆ ሳለ አንድ ሰው የክፍያ ማረጋገጫ ምስል ስልኩ ላይ አሳየኝና የ6,400 ብር ዕቃ ይዞ ወረደ። ምስሉ የተቀነባበረ ነበር፤ ገንዘቡ አልገባም። ከዚያ ወዲህ የማምነው ወደ እኔ ስልክ የሚመጣውን መልእክት ብቻ ነው፤ መልእክቱ ከዘገየ ደንበኛው ቡና ይጋበዛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የባሰ ደርሶበታል፦ የቀጠረው ሻጭ ቀስ ብሎ በሱቁ የሒሳብ ቁጥር ካርቶን ላይ የራሱን ሒሳብ ቁጥር ጨምሮበት ነበር። ነጋዴ ስልክን የሚወደው ሠራተኛ ብር እንዳይነካ ነው ሲባል ይህንንም አስቢ።

የነጋዴውን ሌሎች ምክንያቶች ባጭሩ ልናገር። መርካቶ ያሉ አከፋፋዮች በባንክ ካልሆነ አንቀበልም ማለት ጀምረዋል፤ እኔም በታክሲ ብር ታቅፎ መሄድ ስለቀረልኝ አልተከራከርኳቸውም። በባንኮች መካከል ማስተላለፍ መቻሉ የካርቶኑን ቁጥሮች ከአምስት ወደ ሁለት አውርዶልኛል። ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር ከ2014 ጀምሮ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር የሳባቸው ጎረቤቶች አሉኝ። በተቃራኒው «በጥሬ ከከፈልክ እቀንስልሃለሁ» የሚል ነጋዴ ታገኛለሽ፤ ለምን ስትይው ኔትወርክ ያመካኛል። ኔትወርክም መብራትም ይጠፋል፣ እውነት ነው፤ ሌላው ምክንያት ግን በስልክ የገባ ገንዘብ ለግብር አሻራ ስለሚተው ነው። ይህን በመጠይቅ ላይ የሚሞላልሽ ሰው የለም።

ስለዚህ «በሞባይል መገበያየት ይጠቅማል ብለው ያስባሉ?» የሚለውን ጥያቄ አውጪው፤ ሁሉም «አዎ» ይልሻል። «ለመጨረሻ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ የከፈሉት ለምን ነበር?» እና «ለማያውቁት ሻጭ ሳያዩ የከፈሉት ትልቁ ገንዘብ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ደንበኞቼን ማነጋገር ከፈለግሽ ቅዳሜ ከሰዓት ይበዛሉ፤ ጠዋት ከመጣሽ እኔን ብቻ ነው የምታገኚኝ። መብራት ከሌለ አሳንሰሩ አይሠራም፣ በደረጃው ውጪ።