ደም ብዛት ወይስ የደም ግፊት?

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ለታካሚ «ደም ብዛት አለብዎት» ስል አንድ ባልደረባዬ «ብዛት ስሕተት ነው፤ ደም ግፊት ነው የሚባለው» ይለኛል። ታካሚዎቹ ግን ራሳቸው «ደም ብዛት» ነው የሚሉት። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ በቃሉ ፍቺ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ብዛት» የመጣው ከግእዙ «በዝኀ» ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ኀ በአማርኛ ተውጣ «በዛ» ሆነ። (ያቺው የተዋጠች ፊደል «ብዝኀ ሕይወት» ሲባል ተመልሳ ብቅ ትላለች።) የ«ግፊት» ምንጭ «ገፋ»ም እንዲሁ ከ«ገፍዐ» ነው፤ ግእዙ በደለ፣ አስጨነቀ ማለት ሲሆን «ግፍ» የዚያው ዘር ነው። ሁለቱም የጉሮሮ ድምፃቸውን አጥተዋል፤ ስም ሲወጣላቸው ግን መንገዳቸው ተለያየ። ብዛት ከብቃትና ከንቃት ጋር ይሰለፋል፤ ሦስቱም ከኢተሻጋሪ ግሥ፣ ማለትም ድርጊቱ ወደ ሌላ ከማያልፍ ግሥ፣ ወጥተው ሁኔታን ይናገራሉ። ገፋ ተሻጋሪ ስለሆነ ገፊና ተገፊ ይፈልጋል። እዚህ ገፊው ደም፣ ተገፊው የደም ሥር ግድግዳ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው መሣሪያ የሚለካው ይህንኑ ኀይል ነው እንጂ የደምን መጠን አይደለም።

ጉዳቱ የሚመጣው «ብዛት» ያለ ሰው ተቃራኒውን «ማነስ» ስለሚያደርገው ነው። ደም ማነስ ግን የሂሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ጉድለት ነው፦ ላልጸነሰች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ፤ የቆየ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ላይ የተለመደ ነው። «ደምዎ አንሷል፤ ደም ብዛትም አለብዎት» የተባሉ እናት «እንዴት አንሶ ይበዛል?» ቢሉ ቋንቋው ከእርሳቸው ጋር ነው፤ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱን ቢተዉትም አይፈረድባቸውም። ይባስ ብሎ ግፊቱ ዝቅ ያለበትም ሰው «ደሜ አነሰ» ይላል። ስለዚህ ታካሚ «ደም ማነስ አለብኝ» ሲል ወዲያው አይጻፉት፤ «ደም ተቀድቶ ተመርምረው ነው ወይስ ክንድዎን ታስረው ተለክተው?» ብለው ይጠይቁ።

«ግፊት ከባሕር ማዶ ተተርጉሞ የተለጠፈ ነው፤ ሕዝብ የለመደውን አትንኩበት» የሚሉ አሉ። ተተርጉሞ መምጣቱን አልክድም። ቃሉ ግን የራሳችን ነው፤ ቅል ይዞ ወተት የገፋ ሰው መግፋት ምን እንደሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። «ብዛት»ን በአስተርጓሚ በኩል ሲያዩት ደግሞ ይብሳል፤ በውጭ አገር ሆስፒታል ቃል በቃል ከተተረጎመ ሐኪሙ የደም ሴሎች መብዛት የሚባለውን ሌላ ሕመም ሊያስብ ይችላል።

ለእኔ «የደም ግፊት» ከነ«የ» ይሻላል። ደም ማነስ፣ ደም ሥር፣ ደም መላሽ ያለ «የ» እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ ማስረጃው በእኔ ላይ ነው። ቢሆንም «ደም ግፊት» ለጆሮዬ ጎዶሎ ነው። «ግፊት አለብኝ» የሚለውም ያሳዝነኛል፤ ግፊት የሌለበት ሕያው ሰው የለም፤ ሕመሙ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ነው። ይህ ግን ካፍ ወጥቶ ሄዷል፤ ልመልሰው ብል አልችልም።

ወደ ሥራዎ ልመለስ። ታካሚው የሚያውቀውን ቃል አይንጠቁት፤ ከእርሱ ይነሡ፦ «ሰው ደም ብዛት የሚለው ነው። ደምዎ ግን አልበዛም፤ ሥሩን የሚገፋበት ኀይል ነው የጨመረው።» ቁጥሩንም «150 በ95» ብለው አይለፉት። የላይኛው ቁጥር ልብ ሲጨመቅ፣ የታችኛው ቁጥር ደግሞ ልብ ሲላላ ያለው ግፊት መሆኑን ይንገሯቸው፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ከፍተኛ ይባላል። ሲለኩም 5 ደቂቃ ዐርፈው፣ ጀርባቸው ተደግፎ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ሆኖ፣ ሳያወሩ ይሁን። «ራስ ምታቱ ቢተውዎትም ክኒኑን አያቋርጡ» የሚለውን አይርሱ፤ «ብዛት» ያለ ሰው ሲሻለው ደሙ የቀነሰ ይመስለዋል።

በመጨረሻ «ገባዎት?» አይበሉ። ለሐኪም «አልገባኝም» ማለት ነውር ስለሚመስል መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ቤት ሲገቡ ልጅዎ ምን ተባልክ ቢልዎት ምን ይሉታል?» ይበሉ። «ደሜ በዝቷል» ካሉ ከ«ገፋ» እንደገና ይጀምሩ።