የኬሚካል ፈሳሽ ቆሻሻን በኦክስጅን ማቃጠል፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት ማቃጠያ ምድጃ ላይ ሠርቻለሁ። የማወራው ስለተበከለ ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) እና ስለተቃጠለ ዘይት ነው፣ ስለ መጸዳጃ ፍሳሽ አይደለም። ከሁሉ በፊት ግን፣ ኦክስጅን መስመር አጠገብ ግሪስና ዘይት አይድረስ።

ጀማሪ፦ ጋሼ፣ አየር እያለ ኦክስጅን መጨመር ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ባብዛኛው ናይትሮጅን ነው። እሱ አይነድም፣ ግን ሙቀቱን ተሸክሞ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ወደ 25 በመቶ ካደረስከው በ100 ሜትር ኩብ አየር ታገኝ የነበረውን ኦክስጅን በ84 ታገኘዋለህ። ጋዙ ሲያንስ ምድጃው ውስጥ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ቆሻሻውም ነዶ ለማለቅ ጊዜ ያገኛል። ውሃ የበዛበት ቆሻሻ ላይማ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አንድ ኪሎ የፈላ ውሃ እንፋሎት እስኪሆን ብቻ 2,257 ኪሎጁል ይበላል። ያን ሙቀት ናይትሮጅን ከሚወስደው ውሃው ይውሰደው።

የቦይለር ልጅ፦ ጭስ በዝቶብናል። ኦክስጅን ብንጨምር ይስተካከላል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ጭስ? ጥቁር? ነጭ? ስንት ዲግሪ ላይ? እንዲህ ተድበስብሶ ለተጠየቀ መልስ የለኝም። መጀመሪያ ኖዝሉን፣ ቆሻሻውን ወደ ምድጃው የሚረጨውን አፍ፣ ፍታና እየው። አንድ ቦታ ሳምንት ሙሉ አየርና ኦክስጅን ስናስተካክል ከረምን። በመጨረሻ ኖዝሉን ስንፈታው የቀዳዳው ግማሽ በጠጠረ ዝቃጭ ተደፍኗል። እንደ ጉም መረጨት የነበረበት ፈሳሽ ባንድ በኩል እየተንጠባጠበ የምድጃውን ጡብ ያርስ ነበር። ትልቅ ጠብታ የቱንም ያህል ኦክስጅን ብታበዛለት ነዶ ሳያልቅ ያመልጥሃል። ኖዝሉ፣ ማጣሪያውና የፈሳሹ ውፍረት ሳይስተካከሉ ኦክስጅን መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ኬሚስቷ፦ ናይትሮጅኑ ከቀነሰ የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለው በካይ ጋዝ ልቀቱም ይቀንሳላ።

የቦይለር ልጅ፦ ኧረ ይጨምራል! ነበልባሉ እኮ ይበልጥ ይግላል።

ኬሚስቷ፦ ንጹሕ ኦክስጅን ከሆነ ናይትሮጅኑ ከየት ይመጣል?

የቦይለር ልጅ፦ በምድጃው ስንጥቅ ከሚገባው አየር ነዋ።

መልስ፦ ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ። 25 በመቶ አካባቢ፣ በርነሩ (ነበልባሉ የሚወጣበት ክፍል) ካልተቀየረ፣ ይጨምራል። ወደ ንጹሕ ኦክስጅን ሲጠጋ ሊቀንስ ይችላል፣ አየር ሰርጎ ካልገባ። እዚህ ላይ ይብቃ፣ ሌላ ጠያቂ አለ።

እንግዳ፦ አዲስ አበባ ያለው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያ ጣቢያስ እንዲህ ቢደረግ? ኦክስጅኑስ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ረጲ ለደረቅ ቆሻሻ የተሠራ ነው። ዋጋውን አቅራቢ ጠይቅ።

ኬሚስቷ፦ ክሎሪን ያለበት ሶልቨንት ከሆነስ?

መልስ፦ ምድጃው ውስጥ በደንብ ቢነድም ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ ጭሱ ሲቀዘቅዝ፣ ከ450 እስከ 200 ዲግሪ ባለው መሐል፣ እንደገና ሊፈጠር ይችላል። እዚያ ላይ ጭሱን በውሃ ቶሎ አቀዝቅዙት። ኦክስጅን ይህን አይፈታም።

ጀማሪ፦ የኦክስጅኑ ቫልቭ ደርቆ አልዞር አለን። ትንሽ ግሪስ ብንቀባውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ! በፍጹም። ግፊት ባለው ኦክስጅን ውስጥ ቅባት ክብሪት ሳይጫር ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከዚያ ብረቱ ራሱ ይነድዳል። ዘይት የነካው ጨርቅ ኪስህ ውስጥ ካለ አሁኑኑ አውጣው፣ እጅህንም ታጠብ። ከዚያ መስመሩን ኦክስጅኑ ከሚመጣበት በኩል ዝጋ፣ ግፊቱን አስተንፍስ፣ ቫልቩንም ለኦክስጅን ተብሎ በተጸዳ ሌላ ቫልቭ ቀይረው። አዲሱን ስትከፍት ቀስ እያልክ።