ኢሉዥን ወይስ ሃሉሲኔሽን?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኢሉዥንና ሃሉሲኔሽን የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ይምታቱብኛል። ጓደኞቼ ሁለቱንም «ቅዠት» ብለው ነው የሚገላገሉት። ልዩነት አላቸው እንዴ?
ተማሪዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አላቸው፣ ያውም ትልቅ። «እዚያ ቦታ ላይ የምር የሆነ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ካለና አእምሮሽ ሌላ ነገር አድርጎ ከተረጎመው ኢሉዥን ነው። ምንም ሳይኖር ከታየሽ ወይም ከተሰማሽ ደግሞ ሃሉሲኔሽን። ማታ በሩ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ሰው መስሎሽ ክው ብትዪ፣ ጋቢው እኮ አለ፤ ስለዚህ ኢሉዥን ነው። ሁለቱን እንዲህ የለያቸው የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም ኤስኪሮል ነው።

ኢሉዥን በሽታ አይደለም፣ ሁላችንንም ይሸውደናል። የሚገርመው፣ ማወቅ እንኳ አያድንም! በ1889 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሙለር-ላየር ያወጣውን ሥዕል ፈልገሽ እዪው፦ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች ናቸው፤ የአንዱ ጫፎች እንደ ቀስት ራስ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ የሌላው ወደ ውጭ ተከፍተዋል፤ በማስመሪያ ለክተሽ እኩል መሆናቸውን ካረጋገጥሽ በኋላም ወደ ውጭ የተከፈተው ይረዝምብሻል። ጨረቃ ገና ስትወጣ ግዙፍ መስላ መታየቷም ኢሉዥን ነው። በስልክሽ አንሻትና ቆይተሽ አናት ላይ ስትደርስ ድገሚ፣ መጠኗ ያው ነው። በፀሐይ አስፋልት ላይ ውሃ የሚመስለው ነገር ግን ይለያል። እሱን ካሜራም ያየዋል፣ ምክንያቱም የጋለው አየር ብርሃኑን ራሱን ያጥፈዋል።

ሃሉሲኔሽን ሲባል ሰው ወዲያው «አበደ» ይላል። ይሄ ልክ አይደለም። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ስማችን ሲጠራ መስማት ጤነኛ ሰው ላይም የሚያጋጥም ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ በ1760 እ.ኤ.አ. ስለ አያቱ ጽፏል፦ ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሞ የሌሉ ሰዎች፣ ወፎችና ሠረገላዎች ይታዩዋቸው ነበር፣ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነበር፤ የሚያዩት እውነት እንዳልሆነም ያውቁ ነበር። ዛሬ ዓይናቸው በደከመ ሰዎች ላይ የሚታየው ይህ ችግር በቦኔ ስም ይጠራል።

ፈተና ላይ ዴሉዥን የምትባል ሦስተኛ ቃል ልትመጣብሽ ትችላለች። እሷ ስለ ማየትና መስማት ሳትሆን ስለ እምነት ናት፦ «ጎረቤቶቼ ሊመርዙኝ ነው» ብሎ፣ የፈለገው ማስረጃ ቢቀርብለት ንቅንቅ የማይል ሰው።