ጥያቄና መልስ፦ አሮጌ የአርኬድ ጌሞች ውስጥ ምን ተደብቋል?

የጎንደር ጌም ወዳጆች፣ ስለ ድሮ የአርኬድ ማሽኖች፣ ማለትም ሳንቲም እየተከተተባቸው ስለሚሠሩት የጌም ማሽኖች፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከፕሌስቴሽን ቤት ልጆች እስከ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ጠይቃችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን ውስጥ መጀመሪያ መልእክት የደበቀው ማን ነው? (ከአዘዞ)

እስካሁን ከታወቁት ቀዳሚው አታሪ የተባለው የአሜሪካ ጌም ኩባንያ ያወጣው «ስታርሺፕ 1» ነው፤ 1977። ሠሪው ሮን ሚልነር ይባላል። መቆጣጠሪያዎቹን በተወሰነ ቅደም ተከተል ስትነካካ «ሃይ ሮን!» የሚል ጽሑፍ ይወጣና 10 ነጻ ጨዋታ ይሰጥሃል። ነገሩ በይፋ የታወቀው በ2017 ነው። 40 ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ስማቸውን በግልጽ መጻፍ ሲችሉ ለምን ይደብቁታል? (ከማራኪ)

አይችሉም ነበር፣ እህቴ። አታሪ የፕሮግራመሮቹን ስም አያወጣም ነበር። ዋረን ሮቢኔት ለቤት ማጫወቻ በሠራው «አድቬንቸር» ውስጥ አንዲት የማትታይ ነጥብ አስቀመጠ። ነጥቧን ያገኘ ሰው ወደ ምስጢራዊ ክፍል ይገባል፤ እዚያ ስሙ ተጽፏል። ለአለቆቹ አልነገራቸውም። የእኛ ብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ስሙን አስፍሮ «ጸልዩልኝ» ይላል። ሮቢኔት ያን ዕድል ስላላገኘ ሰርቆ ወሰደው። እኔ በበኩሌ እውነት አለው እላለሁ።

ዶንኪ ኮንግ ውስጥ ስልክ ቁጥር አለ የሚባለው እውነት ነው? (ከፒያሳ)

እውነት ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ስትጫወት በፍጹም አታየውም። ጌሙ የተጻፈበትን ቺፕ ይዘት ገልብጦ ለሚያነብ ብቻ የተጻፈ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ይልና፣ ይህን ከባድ ፕሮግራም ከመረመርክ እናስተምርሃለን ብሎ ስልክ ቁጥር ይሰጣል። ከሥሩ ኢኬጋሚ የሚባል ድርጅት ስም አለ። ዶንኪ ኮንግ በ1981 ሲወጣ ዓለም የሚያውቀው አውጪውን የጃፓን ኩባንያ ኔንቴንዶን ነው። ኮዱን የጻፉት ግን የኢኬጋሚ ሰዎች ናቸው። ለተከታዩ ጌም ኮዳችን ያለፈቃድ ተወሰደ ብለው በ1983 ኔንቴንዶን ከሰሱ። ጉዳዩ በ1990 በስምምነት አለቀ። ያቺ አጭር ጽሑፍ ማን እንደሠራው ዛሬም ትመሰክራለች።

ፓክማን 256ኛው ደረጃ ላይ ስክሪኑ የሚበላሸውስ? መልእክት ነው? (ከአራዳ)

አይደለም፣ ስሕተት ነው። ደረጃው የሚቆጠረው በአንድ ባይት፣ ማለትም ቁጥር በሚቀመጥባት ትንሽ የኮምፒውተር ቦታ ነው፤ ባይት ከ255 አያልፍም። ሲሞላ ፍራፍሬ የሚሥለው የኮዱ ክፍል ማቆሚያ ያጣና የስክሪኑን ቀኝ ግማሽ በዝባዝንኬ ይሞላዋል።

ሠሪዎቹ ጌሙ ውስጥ ያልተጠቀሙበትን ነገር ለምን አያጠፉትም? (ከማራኪ)

ጊዜ የለማ! ከኮዱ መሃል አንድ ነገር ስታወጣ ሌላው ሊናጋ ይችላል። ስለዚህ መግቢያውን ብቻ ይዘጉና ይልኩታል። አንዳንዴ ቅሪቱ ራሱ ሕይወት ይዘራል። በ1992ቱ የፍልሚያ ጌም በሞርታል ኮምባት የቴክኒሻን ገጽ ላይ «ኤርማክስ» የሚል መስመር ነበር፤ ስሕተት የሚቆጥር ነው። ተጫዋቾች ግን የተደበቀ ቀይ ኒንጃ አለ ብለው አወሩ። ወሬው አልበርድ ሲል ሠሪዎቹ በ1995 ኤርማክን እውነተኛ ተፋላሚ አድርገው አስገቡት።

አሮጌ የማሽን ቦርድ (ቺፖቹ የተተከሉበትን ሰሌዳ) ባገኝ ምን ላድርግ? (ከአዘዞ)

መጀመሪያ ፎቶ አንሳው። ኤሌክትሪክ ላይ አትሰካው። ቺፖቹ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዳትልጥ፣ አደራ! ከሥሩ ትንሽ የመስታወት መስኮት ሊኖር ይችላል። የፀሐይ ብርሃን በዚያ ገብቶ ከቆየ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ያጠፋዋል። ባትሪ ያለው ቦርድ ከሆነም ባትሪውን ራስህ አትንቀለው። ካፕኮም የተባለው ጌም ኩባንያ የሠራቸው አንዳንድ ቦርዶች ባትሪው ከሞተ ጌሙን የሚፈታው ቁልፍ አብሮ ይጠፋል። ቺፕ ገልብጦ የሚያውቅ ሰው እስክታገኝ በጨርቅ ጠቅልለህ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጠው።