የማታው የግፊት ክኒን ከተረሳ

እናቴ የማታውን ክኒን ከረሱ ጠዋት ሁለቱን ደርቤ ልስጣቸው ወይ ላልሽኝ፣ ደርበሽ እንዳትሰጫቸው። እናትሽ የማታውን የግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒንን፣ ረስተው ካደሩና ጠዋት ቶሎ ካስታወሱ አንዷን ይዋጡ፣ የዛሬዋን በተለመደው ሰዓታቸው። ከመዋጫው ጊዜ 12 ሰዓታት ካለፉ ግን የትናንቷ ትቅር።

ደርበው ከዋጡ ግፊታቸው ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። በተለይ የሚያሸና ክኒንም ከታዘዘላቸው፣ በአዳማ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሱ።

አንድ ነገር ግን አደራ። አባቴ ለጉልበቱ ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛ ሲውጥ፣ የግፊት ክኒኑን ሳያቋርጥ ግፊቱ አልወርድ ብሎ ነበር። ይህ ማስታገሻ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ለቁርጥማት የሚወስዱት ካለ ፓኬቱን ይዘሽ ሄደሽ ለሐኪማቸው አሳዪ። እግራቸው ካበጠም ንገሪው፤ አምሎዲፒን ያደርገዋል፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።