ስለ ጦስኝ ዘይት ለጠየቃችሁኝ

የጦስኝ ዘይት፣ ማለትም ከተክሉ የሚወጣው ሽታ ያለው ዘይት፣ ባክቴሪያ ስለመግደሉ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ብዙ መጣ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እውነት ይገድላል ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው?

መልስ፦ ይገድላል። ዘይቱ ውስጥ ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት አሉ። እነሱ የባክቴሪያውን ሽፋን ያላሉታል፣ ውስጡ ያለው ፖታሲየም ሾልኮ ይወጣል፣ ኃይል ማመንጨት ያቅተዋል፣ በቃ ይሞታል። ላብራቶሪ ውስጥ በዓይን ይታያል እኮ! ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ዘይት የነካች ትንሽ ክብ ወረቀት ታስቀምጣላችሁ፣ በማግስቱ ሳህኑ በሙሉ ደፍርሶ በወረቀቷ ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ቀለበት ታገኛላችሁ። እዚያ ምንም አልበቀለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ዓይነት?

መልስ፦ ኧረ አይደለም። ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስ ላይ ጎበዝ ነው። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ያስቸግራል፤ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው፣ የገባበትንም መልሶ ገፍቶ ያስወጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሳል በሻይ ታፈላልናለች፣ ያው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ያው አይደለም። ዘይቱ ከውሃ ጋር አይዋሃድም፣ ክዳን ከሌለው ደግሞ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል፤ ያ ቤቱን የሚሞላው ሽታ እሱ ነው። ስለዚህ ክደኑት። ስኒው ውስጥ የሚቀረው ሳህን ላይ ከምንፈትነው ጋር አይወዳደርም። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ እናትሽ ታፍላላችሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ልጅ ትኩሳት ይዞት ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ጦስኝ እያፈላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዘይቱን ራሱን ጠብ አድርጌ ብጠጣስ? ቁስል ላይስ?

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው። ንጹሁ ዘይት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ቆዳም ያቆስላል። ሊስትሪን የሚባለውን የአፍ መጉመጥመጫ ታውቁታላችሁ፤ ታይሞል አለበት፣ መጠኑ ግን 0.064 በመቶ ብቻ ነው። ያውም ተጉመጥምጦ የሚተፋ። ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ ያድናል ማለት አይደለም፤ ጉበት አለ፣ ደም አለ፣ የሚጎዳው መጠን አለ። ይህን ነው ሰው ሁሉ እንዲይዝልኝ የምፈልገው።

ጥያቄ፦ ሐኪም ያዘዘልኝን አንቲባዮቲክ ትቼ በጦስኝ ብቀጥልስ?

መልስ፦ በፍጹም! የታዘዘልሽን ጨርሺ።

ጥያቄ፦ የባሌው ይሻላል ወይስ የመንዙ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አገራችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጦስኝ አለ፣ በሳይንስ ስማቸው ቲመስ ሺምፐሪና ቲመስ ሴሩላተስ፣ ሁለቱም ደጋ ይወዳሉ። የዘይቱ ቅንብር ግን እንደ ቦታው ይለያያል፤ አንዱ ጋ ካርቫክሮል ይበዛል፣ ሌላው ጋ ታይሞል። ስለዚህ ሳይመረመር በቦታ ስም ብቻ ይሄ ይበልጣል የሚላችሁን አትመኑ። ገበያ ስትወጡ ግን አንድ ነገር ተመልከቱልኝ። እስሩን ገልብጡት። ሥሩ አብሮ ከመጣ ተነቅሏል ማለት ነው፣ ያ ቦታ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ነው። ከላይ በማጭድ የታጨደውን ግዙ፣ ሻጩንም ለምን እንደመረጣችሁ ንገሩት።